የታጠበ ድንች ይዘን ኮልፌ

ሀገር አይቶ የተመለሰ ሰው ወሬ ይጠየቃል። እኔም እየተጠየቅኩ ነው፤ በገበያ መንገድ፣ በለቅሶ ድንኳን፣ በእርሻ ዳር። ፎቁ እንዴት ነው ይሉኛል፣ ባቡሩስ በላይ ነው የሚሄደው ይሉኛል። ፎቅም ባቡርም በወጉ አላየሁም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ድንች ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መመለስ ስለታከተኝ ከሐሙስ እስከ ረቡዕ የሆነውን እንደሆነው ጽፌዋለሁ። ያፈርኩበትንም አልዘለልኩም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመምህርነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከወልቂጤ በላይ ባለው ደጋችን ላይ ድንች አመርታለሁ፤ የአምራቾች ማኅበራችንም ጸሐፊ ነኝ። ሰው ዛሬም «መምህር» ነው የሚለኝ። መምህር መባል ደግሞ አንድ ክፉ ነገር አለው፤ የተናገርከውን ሁሉ ሰው እውነት ነው ብሎ ይይዝልሃል።

ነገሩ ሲጀመር መልካም ነበር። መንግሥት አነስተኛ ገበሬን ሊደግፍ አስቧል ተባለና ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለሙያ ሰበሰበን። ድንቻችንን ደላላ ሳይነካው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ወስደን በእሁድ ገበያ ለሸማቹ በቀጥታ እንሸጣለን፤ የመኪናውን ኪራይ መንግሥት ይችላል፤ ጭነቱን ሸጠን ስንመለስ ደግሞ ለመጪው ወቅት ምርጥ ዘር ይሰጠናል። አጨበጨብን። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ መኪናው ካልሞላ አይንቀሳቀስም።

አልሞላም። የሁላችንን ምርት ሰብስበን አሥራ ሁለት ጆንያ ጎደለን። ያን ጊዜ ነው ሽኩር ቤት የሄድኩት።

ሽኩር የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን የአራት ልጆች አባት ሆኗል። በትምህርት እምብዛም ነበር፤ ዘር በመምረጥ ግን በደጋው የሚስተካከለው የለም። ድንቹ ከመሬት ሲወጣ አንድ በአንድ እያገላበጠ ያያል፣ እንቁላል የሚያህለውንና ዓይኑ የበዛውን ለይቶ ጥላ ባለው መደርደሪያ ላይ ያሳርፋል። ከማኅበሩ ግማሹ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ዘር አስቀምጠን አናውቅም፤ በየዓመቱ ከእሱ ነው የምንወስደው። መደርደሪያው ላይ የነበረው ዘር ልክ አሥራ ሁለት ጆንያ ይወጣዋል። ምርጥ ዘር እየመጣልህ አሮጌውን ታቅፈህ ምን ትሠራለህ አልኩት። ሚስቱ ዘይነባ ዘር ከቤት ሲወጣ ደስ አይለኝም አለች። ሳቅኩና ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ አስረዳኋት። ሽኩር እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ «እርስዎ ካሉ እሺ፣ መምህር» አለ። በእኔ ቃል ነው የሰጠው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛውም ጥፋት የእኔ ነው። እኛ ድንች የምናጥበው ድስት ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። እኔ ግን የአዲስ አበባ ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው፣ አፈር ይዘን ሰው ፊት አንቀርብም አልኩ። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ ያደፈ ነገር ማቅረብ ነውር ስለሆነ ማንም አልተከራከረኝም። ረቡዕን ሙሉ የማኅበሩ ቤተሰብ በሙሉ ወንዝ ወርዶ ድንች ሲያጥብ ዋለ፤ ዘይነባም ከሴት ልጆቿ ጋር አሥራ ሁለቱን ጆንያ አጥባ ጨረሰች። ሽኩር ብቻ ጠጋ ብሎ የታጠበ ድንች አይቆይም አለኝ። ነገ ማታ አዲስ አበባ ነን፣ ምን አስቆየው አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት በካፊያ ተነሳን። ሾፌሩ ዝምተኛ፣ ቁመቱ ረዥም፣ ስለ ጎማው እንጂ ስለ ሌላ የማይናገር ሰው ነው። እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ሽኩር ግን ከጆንያዎቹ ላይ አልወርድም አለ። ሸራው ሥር ተጋድሞ፣ የራሱን ጆንያዎች በቃጫ ቋጠሮ ለይቶ፣ በየጉድጓዱ ስንዘል ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው ሁለቴ አስቆመንና እኔም ወርጄ ገፋሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በካልሲዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ እንኳ ስቀን ነበር። ወልቂጤ ሽሮ በላን፤ በርበሬው ከእኛ ቤት ሽሮ ያንሳል፣ ዋጋው ግን አያንስም።

አመሻሽ ላይ አንድ ኬላ ደረስን። ስሙን ልተወው። ተቆጣጣሪው ደብዳቤያችንን ተቀብሎ አነበበ፣ ወጥቶ ጆንያውን ቆጠረ፣ ተመልሶ አነበበ። ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸብንም። ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው አሥራ ሁለት ጆንያ ይበልጣል፣ ትርፉ ከየት መጣ አለን። ደብዳቤው የተጻፈው የሽኩር ዘር ከመጨመሩ በፊት ነበር። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማስተካከል የረሳሁትም እኔ። ስንት ዓመት ሙሉ የልጆችን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የኖርኩ ሰውዬ!

ዓርብ እዚያው ኬላው ላይ ዋልን። ወደ ወረዳችን ስልክ ስደውል ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ይሉኛል። ከስብሰባው ሲወጣ ደግሞ ማኅተሙን የያዘችው ሴት ምሳ ላይ ናት። ከኬላው አጠገብ ሻይ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ አማርኛቸው ከኦሮምኛ የተቀላቀለ ነው። ከሌሊቱ ብርድ አስጠግተውን ስለነበር ጠዋት ስመለከታቸው ዓይናቸው እንቅልፍ አልነካውም፤ ብርድ ልብሳቸውን ለእኛ ሰጥተው ነው ያደሩት። እኛ ደጋ ላይ የመንገደኛ አቀባበል እናውቃለን እያልኩ የምመጻደቀው ሰው በዚያ ቀን አፌን ዘጋሁ።

ረፋድ ላይ ሽኩር ከመኪናው ወርዶ መጣና ይምጡና ይዩ አለኝ። እጄን ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ድንቹ ይሞቃል፤ እርጥብ ነው፤ ሸራው ሥር ላብ አልቦታል። ሁለት ሦስቱ በጣቴ ሲነኩ ላሉ። ምን እናድርግ ብሎ ሲጠይቀኝ አሁንም መልስ ነበረኝ፤ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናድርቀው አልኩ። ባልቴቷ ግቢያቸውን ሰጡን። ሾፌሩ እንኳ ሳይናገር ተሸከመ። ቀኑን ሙሉ ድንቹ ግቢው ላይ ተሰጥቶ ዋለ፤ ሽኩር የራሱን በኮቱ፣ በጋቢዬ፣ ከአጥር በቆረጠው ቅጠል ለመሸፈን ሲሯሯጥ አየሁት። ድንች ፀሐይ ሲያገኘው ይለወጣል፣ ለምግብ አይሆንም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ከመበስበስና ከመለወጥ አንዱን መምረጥ ነበረብን። የተስተካከለው ደብዳቤ በቴሌግራም ደረሰልኝ፤ ተቆጣጣሪው ዋናው ካልመጣ አይሆንም አለ።

ዋናው ደብዳቤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአንድ አውቶቡስ ሾፌር እጅ መጣ። ወሊሶን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ሰበታን አልፈን ዘጠኝ ሰዓት ግድም አየር ጤና ገባን። አየር ጤና የኛን የገበያ ቀን ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ገበያው አይበተንም። ታክሲዎቹ ቤቴል፣ ጦር ኃይሎች፣ ኮልፌ እያሉ ይጣራሉ፣ ሰዉ ይሮጣል፣ ማንም ማንንም ደህና ዋልክ አይልም። ድንቹን ለገበያው አስተባባሪዎች በተሰጠ ግቢ ውስጥ አራገፍን። ሾፌሩ የተከፈለኝ ለአንድ መንገድ ነው አለና ጎማውን ረግጦ አየ፣ ጨበጠን፣ ሄደ። ባዶው መኪና ተመልሶ በእኛው በኩል ያልፍ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

ሐዋ የሽኩር አክስት ልጅ ናት፤ ኮልፌ ውስጥ ሱቅ አላት። መጥታ ተቀብላን በአንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ቅያስ ወደ ቤቷ ወሰደችን። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ ይኖራል፤ እኛ ዘንድ ያ ግቢ ለአንድ በሬ ይጠብበታል። ሆኖም ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ፊቷም ንጹሕ ነው። ላባችን ስለሸተታት ታጠቡ ብላ ጓሮ አሳየችን። አንድ ባኞ ሙሉ ውሃና ሁለት ጀሪካን አገኘሁ። እግሬን ታጠብኩ፣ ሸሚዜን አጠብኩ፣ የተረፈውን ጭቃ የነካው ድንጋይ ላይ ደፋሁት። ሐዋ ባዶውን ባኞ አይታ ፈገግ አለች። የጎረቤቷ የእትዬ ብርነሽ አፍ ነው የገለጠልኝ፤ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው፣ ያ የቤቱ ሰው የሦስት ቀን ውሃ ነበር። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ እኮ ድንች በወንዝ ነው ያጠብነው።

እትዬ ብርነሽ በአፋቸው ይናከሳሉ እንጂ እጃቸው ሰፊ ነው። ሐዋ ለሽኩር የሙስሊም ሥጋ ስትሠራ፣ ክርስቲያኑ እንግዳዬ ምን ይብላ ብላ አስቀድማ ነግራቸው ኖሯል። ጎመን በሥጋ ከነድስቱ፣ ከነሰሐኑ ይዘው መጡ። እኛም ያመጣነውን ቆጮ አውጥተን ለሁለቱም ቤት አካፈልን፤ ሐዋ ቆጮውን አሽትታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚያ ጉዞ የጠገብኩት ያን ማታ ብቻ ነው።

እሁድ በማለዳ ገበያ ደረስን። ከቤቴል ወረድ ብሎ ያለ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ድንኳን በድንኳን ሆኗል፤ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ የገበሬ ቀጥታ ሽያጭ የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። በደብዳቤያችን ላይ የተጻፈውን ድንኳን ፈልገን ስናገኘው ሰው አለበት። አንገቱ ላይ የአምራች ባጅ ያንጠለጠለ፣ እጁ እንደ ጸሐፊ እጅ የለሰለሰ ጎልማሳ ነው። አስተባባሪዎቹ እስከ ዓርብ ስላልደረሳችሁ ለሌላ ተሰጠ አሉና ዳር ላይ፣ ጥላ የሌለው ቦታ ሰጡን። ሽኩር የማኅበሩን ጆንያ አስቀድመን እንድንከፍት ለመነኝ። የእሱን ከቻልን ሳንነካ እናቆየው፣ ምናልባት ይተርፋል አለ። እሺ አልኩት፤ ከዚያ በፊት ነበር እሺ ማለት የነበረብኝ።

የመጀመሪያዋ ገዢ ዘንቢል የያዙ እናት ነበሩ። አንዱን አነሱ፣ ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት፣ መለሱት።

«ይሄ ታጥቧል» አሉኝ። «ድንች የሚያጥብ ነጋዴ ነው፤ የቆየውን ሊደብቅ። እኛ አፈር ያለበትን ነው የምንፈልገው።»

ለእርስዎ ክብር ብለን ነው ያጠብነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ ግን ሄደዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጣውም ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ያያል፣ ያሸታል፣ ይሄዳል። ባለ ባጁ ሰውዬ ፊት ደግሞ ሰልፍ ተሠርቷል፤ ድንቹ ከላይ እስከ ታች ቀይ አፈር ለብሷል። ረፋድ ላይ ስቸገር አይቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አዘነልኝ። «አባት፣ አፈር ፈልጉና ነካ ነካ አድርጉት» አለኝ። ሽኩር ሰምቶት ኖሮ ከጀርባዬ፣ «ገበሬ ሆኜ ከከተማ አፈር ልለምን?» ሲል ሰማሁት።

በመሐሉ ካሜራ የያዙ እንግዶች ጎበኙን። ሽኩርን ሁለት ድንች አስይዘው ፈገግ በል አሉት፤ ፈገግ አለ። በጥሩነቱ ያዘዙትን ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትንሽ የገዙን ሰዎች ነበሩ፣ እትዬ ብርነሽም ሰፈራቸውን ቀስቅሰው አምጥተው ነበር፤ እኛ በቅርጫት የምንሰፍረውን እነሱ አምስት አምስት ድንች እየመረጡ ይገዛሉ። ገበያው ሲበተን ከማኅበሩ ጆንያ ከግማሽ በላዩ፣ ከሽኩር ደግሞ አሥራ ሁለቱም አልተነኩም። አስተባባሪዎቹ ወደ ግቢው መልሰን እንድንከምረው አደረጉን። ስንከምር የአንዱ ጆንያ አፍ ተፈታና ሽኩር አንድ ድንች አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ልጣጩ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። ፊቱ ላይ ግን ከሐሙስ ወዲህ ያላየሁት ነገር አየሁ፤ ደስ ብሎታል። አረንጓዴ ድንች አይበላም እንጂ ለዘር ከሱ የተሻለ የለም። ስድስት ጆንያ እንኳ ቢደርስልኝ ደጋው ዘር አያጣም አለኝ። ያን ማታ ሐዋ ቤት ምርጥ ዘሩን የት፣ የራሱን የት እንደሚተክል ሲያወራልኝ አመሸ።

ሰኞ የበሰበሰው መሽተት ጀመረና ጎረቤት አማረረ። ድንቹን የምታይ ባለሙያ ተላከች፤ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ «አባቴ» ነው የምትለኝ። ጆንያውን አስከፈተች፣ ማስታወሻ ያዘች፣ ከዚያ ቢሮዋ ጠራችን። የበሰበሰውም አረንጓዴ የሆነውም ለምግብ ስለማይሆን በነገው ዕለት ይወገዳል አለች። ሽኩር በጥሞና ሰማትና የበሰበሰውን አስወግዱ፣ አረንጓዴው ዘር ነው፣ እኔ ይዤው እገባለሁ አላት። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫነውን ያህል፣ የቀረውን ሐዋ ቤት አስቀምጬ ቶሎ ቶሎ እያመላለስኩ እወስዳለሁ አለ።

ልጅቷ መልሳ መላልሳ ወረቀቷን አየች።

«እንደ ምግብ ከሆነ ተበላሽቷል» አለችው። «ለዘር ከሆነ ደግሞ ያለ ዘር ማረጋገጫ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ማረጋገጫ አለዎት?»

«እኔ ነኝ ማረጋገጫው» አለ ሽኩር። «አባቴም የዘራው ይሄንኑ ነው።»

እሷም አንገቷን ደፋች። ገብቷታል፤ ምናልባት የገበሬ ልጅ ናት። አንድ ሰው በሽታ ያለበት ዘር ቢያሠራጭ የምትጠየቀው እሷ መሆኗን ነገረችን፣ እውነቷን ነው። እኔ በበኩሌ የሽያጭ ማረጋገጫ እንድትጽፍልን ጠየቅኳት፤ ያለሱ ወረዳችን ምርጥ ዘሩን አይሰጠንም። የተሸጠውን ያህል ብቻ መጻፍ እንደምትችል ነገረችኝ። ለወረዳችን ደወልኩ። ሙሉ ጭነት የሸጠ ማኅበር እንጂ በከፊል የሸጠ አይመለከተውም አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ለሽኩር እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ዞር ብዬ አየሁት፤ ከፊቴ አንብቦታል። ግድግዳው ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እኔም ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

እንስረቀው አልኩት፤ እኔ፣ በሕይወቴ የሰው ጠመኔ ያልወሰድኩ። ሌላው ቢቀር በኪሳችን፣ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥረን እናውጣ።

«ማሳ በኪስ ይዘራል እንዴ፣ መምህር?» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ከመምጣቱ በፊት የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ፌስታል፣ ሳፋ፣ የልጅ ቦርሳ ይዘዋል። ዘበኛው ሊያስቆማቸው ሞከረና ተወው። እኛ ደጋ ላይ ደሃ አለ፤ ሌላ ሰው የጣለውን ድንች ለመሻማት እንዲህ ሲገፋፋ ግን አይቼ አላውቅም፣ እነዚያ ሴቶች ደግሞ ልብሳቸው ንጹሕ፣ አነጋገራቸው የሠራተኛ ሰው ነው። የበሰበሰውን ትተው አረንጓዴውን፣ የሽኩርን፣ ያንን የቃጫ ቋጠሮ እየፈቱ ይዝቁ ጀመር። ሽኩር ዘሩ ሲሄድ ያያል። ይቆጣል፣ ይጮሃል ብዬ ክንዱን ያዝኩት። እሱ ግን ከእጄ ወጥቶ ወደ መሐላቸው ገባና ቢላ ለመነ። አንዷ ሰጠችው። ቁጭ ብሎ አንዱን ድንች አንስቶ አረንጓዴው እስኪጠፋ ድረስ ወፍራም አድርጎ ላጠው። እንዲህ ካልተላጠ ሆድ ያማል አላቸው፤ ዓይኑንም አውጡት፣ እንዲህ፤ ለሕፃን ግን ጭራሽ አትስጡ። ለመጣችው ሁሉ እንደገና እየላጠ አሳየ። ዕድሜውን ሙሉ ለዘር የጠበቀውን ዓይን እየፈነቀለ ሲጥል ዞሬ ማየት አልቻልኩም። መኪናው ሲመጣ የሚጫነው የበሰበሰው ብቻ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሽኩር ጠፋብኝ። አመሻሽ ላይ ተመልሶ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጭነት የሚያራግፉ ሰዎች እንዳገኘ፣ ከነገ ጀምሮ እንደሚሠራ ነገረኝ። ዘር የምገዛበትን ሳልይዝ አልገባም አለ። የሚተከልበት ጊዜ ሳምንት እንደቀረው አስታወስኩት። አውቃለሁ አለኝ። ሐዋ ያስቀመጠችውን እራት አልነካውም፤ እሷም አልጎተጎተችውም፣ ፍራሹን ብቻ አነጠፈችለት።

ረቡዕ ማለዳ አየር ጤና ድረስ ሸኘኝ። ሐዋ ለዘይነባ ሻርፕ፣ ለልጆቹ ብስኩት አስይዛኛለች፤ እትዬ ብርነሽ ደግሞ ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልለውልኛል፣ ስለ ውሃው ሁለተኛ አላነሱብኝም። አውቶቡሱ ሲሞላ ሽኩር ቦርሳዬን ከላይ አስቀመጠልኝና ለዘይነባ ደህና ነው በሏት አለኝ። ሌላ መልእክት ጠብቄ ነበር፤ ሌላ የለም። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየሁት፤ ወደ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተጋፍቶ ገባ። መንገዱን ሙሉ ያንን ኬላ ስናልፍ እንኳ ቀና አላልኩም።

ከወልቂጤ በላይ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ አፈሩ ይሸታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ። ዘይነባን ከቤቷ አጣኋት፤ ማሳ ላይ ናት አሉኝ። በሌለንበት ወንድሞቿን ጠርታ ማሳውን አሳርሳለች፣ ፍግ አልብሳለች፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አስከፍታ ጨርሳለች። ጥቁር አፈር፣ ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር፤ እንዲያ ያማረ ማሳ በደጋው አልነበረም። መምጣቴን ስታይ ከኋላዬ መንገዱን አየች። ዘሩስ አለችኝ።

ስለ ሽኩር ጀመርኩ። ደህና ነው፣ ሐዋ ቤት ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ሰላም ብሎሻል። ሻርፑን ሰጠኋት። አንድ ሁለቴ ደግሜ ነገርኳት። እስክጨርስ ዶማዋን ይዛ ሰማችኝ።

«እሱ ሰው ነው፣ ይመጣል» አለችኝ። «እኔ የጠየቅኩዎት ዘሩን ነው።»

የለም አልኳት። ማን እጠቡ እንዳለ፣ ማን ፀሐይ ላይ እናስጣው እንዳለ፣ ደብዳቤውን ማን እንዳሳሳተው፣ ሁሉንም እዚያው ማሳ ዳር ቆሜ ነገርኳት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ወደ ቤት ገባችና ለልጆቹ እራት ያስቀመጠችውን ድንች በቅርጫት ይዛ ተመለሰች። መስመሩ ዳር ተቀምጣ እያንዳንዱን ድንች በየዓይኑ ትቆርጠው ጀመር። ልጆቹስ ምን ይበላሉ ልላት ነበር፣ አላልኩም። ካራ አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም ቆረጥኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለውን ሁሉ ተከልን። ሁለት መስመር ከግማሽ ሞላ።